ሁለተኛው ታንኳ

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? እናትሽ ፈይዛስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከሙቀቱ በስተቀር ደኅና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። አላህ ሰላሙን ከእናንተ አያርቅ፣ ከጣና ነፋስም ጥቂት ለእኛ ይላክልን።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስንነጋገር ስለምታቋርጪኝ ነው። ወረቀት ማቋረጥ አይቻልም፤ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

የማዳበሪያ ጫኙ ሾፌር ደሞዝ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ተመልሶ ቢሯችን መጥቶ ነበር። የዓሣ መረብ ሱቁን አይቶ እንዲነግረኝ አደራ ብዬው ነበርና ያየውን ነገረኝ። አንደኛ፣ ጠዋት ሱቁ ላይ ያገኘው አንቺን ሳይሆን እናትሽን ነው። ሁለተኛ፣ አንቺን ያገኘሽ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ መጽሐፍ ታቅፈሽ ስትወጪ ነው። "አካውንቲንግ ተምረሽ መምጣትሽ ነው?" ቢልሽ፣ "አይ፣ እሱ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ይሄ ሥነ ጽሑፍ ነው" አልሽው፤ ያውም እየሳቅሽ። ሦስተኛ፣ መንጠቆና ገመድ ይቀመጥበት ብዬ ያሠራሁት፣ ከመረቡ በላይ ያለው መደርደሪያ፣ መጻሕፍት ተደርድረውበታል።

"ኧረ ጋሼ መስዑድ፣ ልጅቷ ሱቁን ቤተ መጻሕፍት አድርጋዋለች!" አለኝ። ቢሯችን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዘሊካ፣ እኔ የአባትሽ አጎት ልጅ ነኝ። ዝምድናው ሩቅ ነው። አባትሽ ሲሞት ግን ሩቅ ነኝ አላልሁም። ሱቄን ያለ ኪራይ የሰጠሁሽ በአንድ ስምምነት ነው፤ አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፣ የትራንዚት ቢሯችን ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሒሳቡን አንቺ ትይዣለሽ። በአንድ ጊዜ ሁለት ዲግሪ የሚባል ነገር በመካከላችን አልተነሣም። ያውም የአማርኛ! አማርኛ እኮ ከእናትሽ ጡት ጋር የጠባሽው ነው፤ ማን ምን ሊጨምርልሽ ነው?

ስለዚህ ይህ ሴሚስተር ሲያልቅ ሥነ ጽሑፉን ትተያለሽ። እምቢ ካልሽ የባለቤቴ ወንድም ነስረዲን ከጢስ ዓባይ መጥቶ ሱቁን ይረከባል። መደርደሪያውን ግን ሴሚስተር ሳትጠብቂ ዛሬውኑ አጽጂው።

ለእናትሽ ሰላምታዬ ይድረሳት። አላህ ልቦና ይስጥሽ።

አጎትሽ መስዑድ


ከማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 15

ደሞዝ ደብዳቤውን ሰጥቶኝ ዐይን ዐይኔን ሳያይ ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል ያዝሁትና ሻይ ቤት አስቀመጥሁት።

"የምትጭነው ማዳበሪያ መስሎኝ፤ ወሬም ትጭናለህ?"

"በናትሽ ዘሊካ፣ ለክፋት አይደለም። ሲጠይቁኝ ያየሁትን ተናገርሁ።"

"ለክፋት ካልሆነ የሻዩን አንተ ክፈል።"

ከፈለ። ጥፋተኛ መሆኑን ባያውቅ ኖሮ አይከፍልም ነበር።

ደብዳቤውን ዛሬ አልመልስም። ደንበኛ ተቆጥቶ ዋጋ ሲጠራ እኔ ገመድ መጠምጠሜን እቀጥላለሁ። ቁጣው ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። እናቴ "ምን አለ?" ስትለኝ "ሰላም ብሎሻል" አልኋት። መደርደሪያውን አልነካሁትም።


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መስዑድ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆቹ እንደምን አላችሁ? እኛ ደኅና ነን። እናቴ "ጉልበቴ ተሽሎኛል በይው" ብላኛለች፤ አልተሻላትም። አላህ ለእርስዎም ለእርሷም ዓፊያውን ይስጥልን።

ደሞዝ የነገረዎ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። ሥነ ጽሑፍ ስማር ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ አካውንቲንጉም እንደዚያው። ያልነገርሁዎ ስላልጠየቁኝ ነው። ቢጠይቁኝ እንደማልዋሽ ያውቃሉ። ቃሌንም አላፈረስሁም። አካውንቲንግ ተማሪ አሉኝ፣ እየተማርሁ ነው። ሌላ አትማሪ አላሉኝም።

ሱቁ ተጎዳ ከሆነ ሐሳብዎ፣ እስኪ አብረን እንየው። ሥነ ጽሑፍ የምማረው ከሰኞ እስከ ዐርብ፣ አብዛኛውን ጠዋት ጠዋት ነው። ጠዋት አጥማጁ ሁሉ ውኃ ላይ ነው። መረብ የሚገዛ ስለሌለ እናቴ ሱቁ ውስጥ የተስቢሕ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ አጥማጁ ከውኃ ሲወጣ እኔም ከክፍል እወጣና ሱቁ ላይ እገኛለሁ። አካውንቲንጉ ግን ቅዳሜና እሑድ ነው። ቅዳሜ ገበያ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከደቅ ደሴትም ከደልጊም በጀልባ የመጣ ሁሉ መረቡን የሚገዛው ቅዳሜ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ኮሌጅ ተቀምጬ ስለ ዕቃ ክምችት አያያዝ እማራለሁ፤ የራሴ ክምችት ሳይሸጥ ይውላል። እናቴ ብቻዋን ያንን ሁሉ ገበያተኛ አትችልም።

ስለዚህ ሱቁን የጎዳው ትምህርት ይቁም ከተባለ፣ የሚቆመው የትኛው እንደሆነ እርስዎው ይፍረዱ። እኔ ግን አንዱንም አላቆምም።

አማርኛ ማን ምን ይጨምርልሻል ብለዋል። እርስዎ ጣና ዳር ተወልደው፣ ጣና ውስጥ ሲንቦራጨቁ ነው ያደጉት። ግን ከደቅ መልስ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚዞር ማን ነገረዎ? አባቴ ነው። እሱስ ከማን ተማረው? ከሽማግሌ ቀዛፊዎች። እኔም ተወልጄ ያደግሁበትን ቋንቋ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚዞርበት ነው የምማረው። የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ስለ ቀዛፊዎች ግጥም ነው፤ እርስዎና አባቴ መቅዘፊያ ስትገፉ የምትሉትን ማለቴ ነው።

አባቴ ሁለት ታንኳ እንደነበረውም ያስታውሳሉ። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። እንደዋለ ውኃው ላይ ካደረ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማታ ማታ ተስቦ ይወጣና ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል። አባቴ አንዱ እስኪደርቅ በሌላው ይሄድ ነበር። አንድም ሰው "ሁለት ታንኳ ምን ይሠራልሃል፣ አንዱን ተው" ብሎት አያውቅም። እኔም ሒሳቡ ሲከብደኝ ወደ ግጥሙ፣ ግጥሙ ሲከብደኝ ወደ ሒሳቡ እሄዳለሁ። አንዱ ሲያደክመኝ በሌላው ስለማርፍ እስካሁን አልሰጠምሁም።

መደርደሪያውን አላጸዳሁትም። መንጠቆው ሣጥን ውስጥ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ አለ፤ የጠፋ ዕቃ የለም።

ነስረዲን መምጣት ይችላል። ብቻ ቅዳሜ ይምጣ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

አክባሪዎ ዘሊካ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን አላችሁ። እኛ ደኅና ነን።

ደብዳቤሽ የጠበቃ ነው የሚመስለው። ይህን ነው የሚያስተምሩሽ? በአባትሽ ታንኳ አትምጪብኝ። ሁለቱንም ታንኳ የሠራቸው አባትሽ በራሱ እጅ ነው። የአንቺን ታንኳ የሠራሁልሽ እኔ ነኝ።

አሁን ሌላ ነገር አስቤአለሁ። የቅዳሜና እሑዱ ትምህርት ይረዝማል። ሥነ ጽሑፉን ትተሽ አካውንቲንጉን ወደ ቀን አዛውሪው፤ ቶሎ ትጨርሻለሽ። ቶሎ ነው የሚያስፈልገው። ሱቁ ውስጥ ያለው ይሸጥ፤ አዲስ ዕቃ አታስገቢ። ከዚህም ለጊዜው መረብ አይላክም። የአካውንቲንግ ውጤትሽን ላኪልኝ።

ነስረዲን ለመጪው ወር ይመጣል። ቅዳሜ ይምጣ ብለሽ ፎክረሻል፤ ቅዳሜ ይመጣልሻል።

መስዑድ


ከማስታወሻዬ፣ ጥር 5

ዛሬ መምህር ኃይለ ገብርኤል አንድ አጭር ልብ ወለድ አስነበቡን። ተራኪው የተወለደበትን ቤት ክፍል በክፍል እያስጎበኘ ይነግረናል። ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ በረንዳውን፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር። አንዱን ክፍል ግን በበሩ በኩል አልፎ ይሄዳል።

"ለምን አልገባም?" አሉ መምህሩ።

ጓደኛዬ መሲ ከኋላዬ፣ "ኪራይ ያልከፈለበት ይሆናላ!" አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

"መሲ የቀለደች መሰላት እንጂ አልቀለደችም" አሉ ቀጥለው። "ሰው የሚያወራውን ሁላችሁም ትሰማላችሁ። እናንተ የመጣችሁት ዝም ያለበትን ቦታ ለማየት ነው።"

ከክፍል ስንወጣ መሲ፣ "አንቺ ዓሣ ሻጭ፣ ፊትሽ ምነው?" አለችኝ። መረብ ነው የምሸጠው ብዬ ሁለት ዓመት ነገርኋት፤ አትሰማም።

ሱቅ ደርሼ የጋሼ መስዑድን ሁለት ደብዳቤዎች መረቡ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በጥቅምቱ ላይ ቢሯችን፣ ቢሯችን፣ ቢሯችን ይላል። ሰው የሳቀብኝ ሳይቀር ቢሯቸው ውስጥ ነው። በታኅሣሡ አንድም ቦታ ቢሮ የለም። ቅርንጫፍ የለም። ከዚያ መረብ አይላክም። "ቶሎ" ግን አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ። ባለቤታቸውንና ልጆቹንም ሳይጠሩ "እኛ ደኅና ነን" ብለው አልፈዋል።

ሰውየው የሆነ ክፍል ሳይገቡ አልፈዋል። ለማንም አልተናገርሁም። በአንድ ናሙና ብቻ ዕቃ አይገዛም፤ ሌላ ደብዳቤ እጠብቃለሁ።


ባሕር ዳር፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መስዑድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። እናንተ እንደምን አላችሁ? ባለቤትዎንና ልጆቹን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ነስረዲን ቅዳሜ መጣ። መልካም ሰው ነው። ስለ ሸንኮራ አገዳ ከጠየቁት እስኪመሽ ያጫውትዎታል። ቁልፉን ሰጥቼው፣ "ሱቁ ያንተ ነው፣ እኔ ክፍል ገባሁ" ብዬው ሄድሁ። የሆነውን እናቴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም እንደሰማሁት እጽፍልዎታለሁ።

ዓምደ ሚካኤል የሚባል የቆየ ደንበኛዬ ከደቅ መጥቶ ነበር። ለቀረሶ ዓሣ የሚሆን መረብ ስጠኝ ሲለው፣ ነስረዲን ዐይኑ ጠባቡን አወጣለት።

"ይሄማ ጫጩት የሚይዝ ነው። ከሕፃን ዓሣ ጋር ምን ጠብ አለኝ?" አለው ዓምደ ሚካኤል።

"ታዲያ ትንሹም ያድግ የለም?"

"የት ነው የሚያድገው? ድስት ውስጥ?"

በዚህ መሐል ሌሎቹ ገበያተኞች ገመዱን ራሳቸው መለካት ጀመሩ። እናቴ እንደምትለው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ክንድ ነበር የሚለካው፤ ቅዳሜ ዕለት የመጣው ሰው ሁሉ ክንዱ እንዴት ረጅም እንደነበር ያስገርማል።

ይህስ ይሁን። ዓምደ ሚካኤል ዘመድ ቤት ሊያድር ሲሄድ እንደ ልማዱ ታንኳውን ለሱቁ አደራ ሰጠ። ደንበኞቻችን ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ሱቁን የዘጋ ሰው ታንኳቸውን ስቦ ያወጣላቸዋል። ነስረዲን ወደ ዳር ወረደና ታንኳውን ከሾላው ሥር፣ በሱቁ ምርጥ ገመድ፣ እንደ በሬ ጥፍር አድርጎ አሰረው፤ ውኃው ላይ እንዳለ። እሑድ ጠዋት ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ጠርዙ ብቻ ይታይ ነበር።

"ታንኳዬን ገደልኸው!" አለ ዓምደ ሚካኤል።

"አሰርሁት እንጂ! ማን ነክቶት? ይኸው አለ!"

"ተሰረቀ አልሁህ እንዴ? አጠጣኸው ነው የምልህ!"

ነስረዲን እሑድ ቀትር ላይ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። "እኔ የማውቀው የሚታሰር ነገር ከታሰረ በቃው፤ እየተሳበ የሚያድር ነገር አላውቅም። እህቴንም እንዳታስቀይሙብኝ" ብሎ ወደ ጢስ ዓባይ ሚኒባስ ገባ። ለዓምደ ሚካኤል ደንገል ገዝቼ አዲስ ታንኳ አሳሰርሁለት። ደንበኝነቱ አልተቋረጠም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጠየቁኝ ነገር። ወደ ቀን አላዛውርም። ሥነ ጽሑፉንም አልተውም። አዲስ ዕቃ አታስገቢ ያሉትንም አልፈጸምሁም፤ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ። የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም የካቲት አጋማሽ ላይ ይገባል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱ ይጨርሱት፤ የሆቴሉ ሰው ከወዲሁ ፊሌቶ እያዘዘ ነው። ዘንድሮ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለሚገባ እኔ ጾሜን ይዤ ለጾመኞቹ አጥማጆች መረብ እሸጣለሁ።

ውጤቴን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ የሁለቱንም። የጠየቁኝ የአንዱን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን እንደ ምርቃት ይቁጠሩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። "ቶሎ ነው የሚያስፈልገው" ብለዋል። ለማን እንደሚያስፈልግ አልጻፉልኝም።

አላህ ከክፉ ይጠብቅዎ።

አክባሪዎ ዘሊካ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ። ለናንተም ለኛም አላህ ጾሙን ይቀበለን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። መልስ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

ውጤትሽን አየሁ። የአካውንቲንጉ ጥሩ ነው። ሌላኛውን አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ወዳጄ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር አስቦ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው። ሽምብጥ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ይገኛል? ውኃ ያለው ቢሆን ይመርጣል። ሦስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጆች የሚገቡበት ትምህርት ቤትስ በቅርብ አለ? ሙቀቱ ለልጆቹ አልተስማማቸውም፤ ለወዳጄ ልጆች ማለቴ ነው። ይህን ለእናትሽ መንገር አያስፈልግም፤ የሰው ጉዳይ ነው።

ደብዳቤ ስትልኪ ደሞዝን ቢሮ አድርስ አትበይው። እንዲያው ስጪው፤ የት እንደሚያገኘኝ ያውቃል።

ስለ ሱቁ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

መስዑድ


ከማስታወሻዬ፣ ሚያዝያ 6

ደሞዝን ሻይ ጋበዝሁት። ስጋብዘው ደነገጠ።

"ጋሼ መስዑድ ይህን ደብዳቤ የት ሆነው ነው የሰጡህ?"

"የት ሆነውስ ቢሰጡኝ? እጄ ላይ ነው የሰጡኝ።"

"ድሮ ቢሮ ትሄድ ነበር።"

ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

"ባለፈው ወሬ ትጭናለህ ብለሽ ሰደብሽኝ" አለ። "አሁን ማዳበሪያ ብቻ ነው የምጭን።"

ተውሁት። አደራውን ጠብቋል፤ ከዚህ በላይ መጭመቅ ነውር ነው። የሻዩን እኔ ከፈልሁ።

ደብዳቤውን መልሼ አነበብሁት። የጋሼ መስዑድ ትልቁ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ታናሿ ሦስተኛ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር "አሁን አገኘሁዎት" የሚል ነበር። ደብተሬን ዘግቼ ወደ ዳር ወረድሁና ታንኳዎቹን ሳብሁ። ስመለስ ያ ሐሳብ ቀርቶ ነበር። ሰው ሲቸግረው ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ አለ፤ እኔ ደንበኛ የሚመላለስልኝ እንደዚያ ስላልሆንሁ ነው። ቢሆንም ያሉኝን ሁሉ እሺ እላለሁ ማለት አይደለም።


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መስዑድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድዎን አላህ የበረካ ያድርግልዎ። ለባለቤትዎና ለልጆቹ ናፍቆቴ ይድረስልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ወዳጅዎ ቤት። ሽምብጥ ላይ ሁለት ክፍል፣ ውኃ ያለው፣ ግቢው የማንጎ ጥላ ያለበት አግኝቻለሁ። አከራይዋ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ልጅ ይወዳሉ፣ ማንጎ የሚወረውር ልጅ ግን አይወዱም። ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል። ስድስተኛ ክፍሉ ሒሳብ ከከበደው እኔ አስጠናዋለሁ። አማርኛም ቢሆን አስጠናዋለሁ፤ ጅቡቲ ላደገ ልጅ ከእናቱ ጡት ያገኘው ላይበቃው ይችላል።

ከዚህ በታች ያለውን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

በሥነ ጽሑፍ ክፍል ከምንማረው አንዱ፣ ሰው ዝም ያለበትን ቦታ ማየት ነው። የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ስለ ቢሯችሁ ያወራል፤ የታኅሣሡ ዝም ይላል። ጥቅምት ላይ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ቅርንጫፉ ቀርቶ "ቶሎ" ብቻ ቀረ። መጋቢት ላይ ደግሞ ወዳጅ ተገኘ፤ የወዳጅዎ ልጆች ከልጆችዎ ጋር እኩያ ናቸው። ደሞዝን ብጠይቀው አደራዎን ጠበቀ። የነገሩኝ ደብዳቤዎችዎ ናቸው። እናቴ አታውቅም፤ ጓደኛዬ መሲም፣ ሌላም ሰው አያውቅም። ከተሳሳትሁ ይሳቁብኝ፣ ወረቀቱንም ይቅደዱት።

ካልተሳሳትሁ ግን ቢሮው ተዘግቷል፤ ለምን እንደተቆጡም ገባኝ። በእኔ ዲግሪ የትራንዚት ሥራ ፈቃድ አውጥተው፣ ሌላ ቢሮ ከፍተው፣ አንገትዎን ሳይደፉ ለመመለስ ነበር። ጋሼ፣ የላኩልኝ ቁጣዎን ብቻ ነው፤ እኔም የመለስሁት ለቁጣው ነው። ጭንቀትዎን ልከውልኝ ቢሆን ለእሱ መልስ አላጣም ነበር።

አሁን የእኔን ቃል ይስሙ። ሥነ ጽሑፉን አልተውም። አካውንቲንጉንም በቅዳሜና እሑዱ እጨርሳለሁ። በሁለቱም የመውጫ ፈተና እቀመጣለሁ፤ በሁለቱም አልፋለሁ። "ሱቁን ልቀቂ" ካሉኝ በማግስቱ ቁልፉን ለደሞዝ እሰጠዋለሁ። መረቤን አሸክሜ ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ሸራ እወጥራለሁ። ሱቁ የእርስዎ ነው፤ ዓምደ ሚካኤልና እሱን የመሰሉት ግን ሸራው ድረስ ይመጣሉ። ይህን ስል "ደፈረችኝ" እንደሚሉ አውቃለሁ። ደፍሬአለሁ።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። ይምጡ። በሥራ ቀን ሱቁን እኔና እናቴ እንይዛለን። ቅዳሜና እሑድ እኔ ክፍል ስቀመጥ እርስዎ ሱቁ ላይ ይቀመጡ። የመረብ ዐይን ለይተው ያውቃሉ፤ የደቁንም የደልጊውንም ሰው ከነአባቱ ያውቃሉ፤ ታንኳም ማታ ስበው ማውጣት አይረሱም። ስመረቅ ደግሞ ፈቃዱን አብረን እናወጣለን። ለዘመዱ ልጅ ሱቅ ጠባቂ ሆነ የሚል ሰው ከመጣ ወደ እኔ ይላኩት።

የአንቺን ታንኳ የሠራሁልሽ እኔ ነኝ ብለውኛል። እውነት ነው፤ አልረሳሁትም። እርስዎ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ውኃው ላይ ነዎት፤ አንድም ሰው ስቦ አላወጣዎትም። የከበደ ታንኳ አይጣልም፤ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። አሁን የእርስዎ ተራ ነው። እኔ ውኃው ላይ ነኝ።

አላህ መንገዱን ያቅናልን።

አክባሪዎ ዘሊካ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብሁት። ስሕተት ብፈልግበት አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ዐሥራ ስምንት ሳይሆን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ቤቱን እንወስደዋለን። ማንጎ ስለ መወርወር ለልጁ ከወዲሁ ተነግሮታል። ለእናትሽ የምነግራት እኔው ራሴ ነኝ፤ ተዪልኝ።

ስለ ሥነ ጽሑፉ ሐሳቤን አልቀየርሁም። ለመመረቂያሽ የሚሆን የቀዛፊ ግጥም ግን ሦስት አውቃለሁ፤ ከአባትሽ ጋር የምንለው ነው። ሁለቱ ለሴት ልጅ አይነገሩም።

ኢንሻአላህ ሰኔ ላይ እንገባለን።

ቅዳሜ ሱቁ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?

መስዑድ


ከማስታወሻዬ፣ ግንቦት 17

መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለደሞዝ ሰጠሁት። ገለበጠው።

"ይሄ ብቻ? ለዚህች ነው እስከ ጅቡቲ የምነዳው?"

"ማዳበሪያህን ልታመጣ ነው የምትነዳው። እሷን ኪስህ ውስጥ ክተታት።"

የጻፍሁላቸው ይህን ነው፦

"ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት። ማታ ታንኳዎቹ ሳይሳቡ አይዘጋም። ከመረቡ በላይ ያለው መደርደሪያ የመጻሕፍት ነው፤ አይነካም። ግጥሞቹን ሦስቱንም እፈልጋለሁ።"